የአንድ ጥማድ ተጫዋቾች

አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ እንዴት ያርሳል? ማጀቴ ተወልዶ ያደገ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል፤ እንደሱ አንድ በሬ ያለው ጎረቤት ፈልጎ ይቀናጃል። ሁለቱ በሬዎች አንድ ቀንበር ሥር ይገባሉ፤ ዛሬ የአንዱ ማሳ ይታረሳል፣ ነገ የሌላው። ታዲያ ከሁለቱ አንዱ በሬ ገደል ቢገባ የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። የጎረቤቱም በሬ አንዳች ሳይሆን፣ ሣሩን እየጋጠ፣ ከእርሻ ውጭ ይሆናል።

ይህን ያነሳነው ስለ እርሻ ልንጽፍ አይደለም። ልንጽፍ የፈለግነው በስልክ ስለሚጫወቱት የካርድ ጨዋታዎች ነው። «ሥራ ፈቶች!» የሚለን አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ይበለን። እስከ መጨረሻው ከታገሠን ግን ነገሩ ስለ ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ እናሳየዋለን።

ካርታ እና ካርድ

የቆላው ሙቀት ሲበረታ ጥላ ሥር ተቀምጦ ካርታ መጫወት እኛ አገር የተለመደ ነው። ኮንከር ስንጫወት ካርታው የሁላችንም ነው። ይበወዛል፣ ይታደላል፣ የደረሰህን ይዘህ ትጫወታለህ። አባቱ ሀብታም የሆነ ልጅ ከቤቱ አራት ጆከር ይዞ አይመጣም። ይዞ ከመጣም ይባረራል።

የስልኩ ጨዋታ ግን እንዲህ አይደለም። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ካርዶች ይዞ ነው የሚመጣው። ካርዶቹን ወይ በገንዘብ ትገዛለህ፣ ወይ ደግሞ በየቀኑ እየተጫወትክ በምታገኘው የጨዋታ ወርቅ ቀስ እያልክ ታጠራቅማለህ። ከሰበሰብከው መርጠህ የምታሰልፈው ስብስብ «ደክ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው በብሊዛርድ ኩባንያ «ሃርትስቶን» አንድ ደክ 30 ካርድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው በፊንላንዱ ሱፐርሴል «ክላሽ ሮያል» ደግሞ 8። ደክ ማለት እንግዲህ ጥማድ ነው። አንዱ ካርድ ብቻውን ብዙም አይደለም፤ ጉልበት የሚኖረው ከሚቀናጀው ጋር ሲጠመድ ነው።

የጨዋታው ባለቤት አንድ ካርድ ከልክ በላይ በረታ ብሎ ሲያስብ ጉልበቱን ይቀንሰዋል። ፈረንጆቹ «ነርፍ» ይሉታል። እኛ «ማኮላሸት» እንለዋለን። ትናንት ማታ ኮርማ የነበረው ካርድህ ዛሬ ጠዋት ስልክህን ስትከፍት ተኮላሽቶ ይጠብቅሃል።

ማኮላሸቱን አንቃወምም

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ካርዶች መስተካከላቸውን አንቃወምም። እንዲያውም አንድ የማይበገር ደክ ሜዳውን ሲቆጣጠረው መጀመሪያ የሚማረረው ገንዘብ የሌለው ተጫዋች ነው። ከፋዩ ያንን ደክ ገዝቶ ይቀላቀላል። እኛ ግን በየቀኑ በዚያው ደክ ስንቀጠቀጥ እንከርማለን። ስለዚህ የበረታው ሲገታ የምናጨበጭበው እኛ ነን።

ጥያቄያችን ሌላ ነው። የማስተካከያውን ዋጋ የሚከፍለው ማነው? ሃያ ደክ ያለው ሰው አንዱ ሲበላሽበት ወደ ሁለተኛው ይዞራል። እንዲያውም አዲስ ነገር መጣ ብሎ ደስ ይለው ይሆናል። አንድ ደክ ብቻ ያለው ሰው ግን የወራት ልፋቱ በአንድ ሌሊት አለቀ። ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው፤ ጉዳቱ ግን እኩል አይደለም።

ሒሳቡን እንሥራው

ሃርትስቶንን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የምንወስደው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ከብዙዎቹ ይልቅ ካሣ የሚከፍል ስለሆነ ነው። በዚያ ጨዋታ የማትፈልገውን ካርድ ሰባብረህ «ብናኝ» ታገኛለህ፤ በብናኙ የምትፈልገውን ካርድ ትሠራለህ። አንድ «ሌጀንደሪ» የሚባለውን ውድ ካርድ ለመሥራት 1600 ብናኝ ያስፈልጋል። ያንኑ ካርድ ስትሰብረው የምታገኘው 400 ነው። አንድ ካርድ ሲኮላሽ ግን ኩባንያው ብዙውን ጊዜ ለሁለት ሳምንት ሙሉ ዋጋውን፣ 1600ውን፣ ይመልስልሃል። ጥሩ ሕግ ነው። እናመሰግናለን።

አሁን ወደ በሬዎቹ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 «ራዛ ዘ ቼይንድ» የተባለው ካርድ ተኮላሸ። ራዛ ብቻውን የሚያርስ በሬ አልነበረም። «ሻዶውሪፐር አንዱዊን» እና «ካዛኩስ» ከተባሉ ሌሎች ሁለት ሌጀንደሪዎች ጋር ነበር የሚጠመደው። ሦስቱን ለመሥራት 4800 ብናኝ ይፈልጋል። ራዛ ሲኮላሽ 1600ው ተመለሰ። ሁለቱ ግን «አልተነኩም» ተብለው ካሣ የላቸውም። ያ ደክ ፈርሶ፣ ሌላ መሥራት ግድ ሆኖበት ሦስቱንም የሰበረ ሰው 1600 ሲደመር 400 ሲደመር 400፣ በድምሩ 2400 ያገኛል። ልክ ግማሹ ቀለጠ። በወረቀት ላይ ግን «ሙሉ ካሣ ተከፍሏል» ነው የሚባለው።

ግማሹ ስንት ቀን ነው? እ.ኤ.አ. እስከ 2020 በነበረው አሠራር አንድ የካርድ እሽግ 100 ወርቅ ነበር። የዕለቱ ተልእኮ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ወርቅ ይሰጣል። በ50 ብናስበው በሁለት ቀን አንድ እሽግ ማለት ነው። ዕድል ያልቀናው እሽግ፣ አምስቱም ካርዶች ቢሰበሩ፣ 40 ብናኝ ይወጣዋል። ዕድል ፊቷን ካዞረችብህ የቀለጠውን 2400 ለመተካት 60 እሽግ፣ ማለትም በተልእኮ ብቻ 120 ቀን ያስፈልግሃል። ዕድል ካለህ ያጥራል፤ ብዙ ከተጫወትክም ያጥራል። ግን ከመስከረም ተነስቶ ጥር ድረስ ማለት ነው።

ይሄ እንግዲህ የሚክሰው ጨዋታ ነው። በክላሽ ሮያል ካርድህን ለማሳደግ ያፈሰስከው ወርቅ ካርዱ ሲኮላሽ አይመለስም። በ«ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ አሪና» ደግሞ አንድ ካርድ ሲታገድ ምትክ ይሰጥሃል፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 «አልኬሚ» የተባለው የጨዋታ ዓይነት ሲጀመር ግን ጉልበታቸው ለተቀነሰ ካርዶች ምትክ የለም ተባለ። ምክንያቱ «የድሮው ካርድ በሌሎቹ የጨዋታ ዓይነቶች እንዳለ ይሠራል» የሚል ነበር። በአምስቱም ዓይነት ለሚጫወተው ልክ ነው። በአንዱ ብቻ ለሚጫወተውስ?

ሁለት ሳምንት ለማን?

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። ስሙን የማንጠቅሰው አንድ ጨዋታ አለ። በአንድ ጓደኛችን ስልክ፣ በአንድ አካውንት፣ አራት ሆነን ሰባት ወር ደክማችን የሠራነው ደክ ነበረን። ፓኬጁን በተራ እንገዛለን፤ አፕዴት የመጣ ቀን ደግሞ ተዋጥተን እናወርዳለን። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለብዙ ወራትም እንደተቋረጠ ቆየ። በዚያ ወቅት በአካባቢያችን የሆነው ነገር ከካርድ ጋር አብሮ የሚነሳ አይደለም፤ ሰው ባለቀሰበት ወራት ስለ ጨዋታ ያሰበም አልነበረም። ይህን ሳንል ማለፍ ነውር ይሆንብናል።

ከወራት በኋላ ባለ ስልኩ ጓደኛችን አዲስ አበባ ሲገባ ጨዋታውን ከፈተው። የመጀመሪያው መልእክት የደካችን ዋና ካርድ መኮላሸቱን ይነግረዋል። ሁለተኛው መልእክት ሙሉ ዋጋውን በ14 ቀን ውስጥ መውሰድ እንደሚችል ያበሥረዋል። ቀኑ ካለፈ ግን ወራት ሆኖት ነበር።

ማንንም ልንከስ አይደለም። ያንን የ14 ቀን ሕግ ያወጣው ሰው ክፉ ነው ብለን አናምንም። እሱ በሚኖርበት አገር ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኩን ያልከፈተ ሰው ጨዋታውን የተወ ሰው ነው። እኛ አገር ግን በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ የሞባይል ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፍቶ ነበር። ትግራይ ውስጥ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል ተቋርጦ ቆይቷል። ለእኛ ሁለት ሳምንት ስልክ አለመክፈት ጨዋታ መተው አይደለም። መስመር ማጣት ነው።

«በነጻ እየተጫወታችሁ ምን አፍ አላችሁ?»

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ እናውቃለን። ተገቢ ጥያቄም ነው። ሦስት መልስ አለን።

አንደኛ፣ በነጻ መጫወት ለብዙዎቻችን ምርጫ አይደለም። ከባንክ የተሰጠን የኤቲኤም ካርድ የሚሠራው በብር ነው፤ የጨዋታው ሱቅ የሚፈልገው ዶላር ነው። ውጭ አገር የአክስት ልጅ ያለው አልፎ አልፎ የስጦታ ካርድ ያስልካል። እሱም ቢሆን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ሥርዓቱ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሌላ ነገር ሆኗል። ከዚያ በፊት በባንክ ምንዛሬ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በቀጣዮቹ ወራት ከ100 ብር አለፈ። ከ300 ብር በታች የነበረ የአምስት ዶላር እሽግ ከ500 ብር በላይ ገባ። (ብራችን ሲኮላሽ ካሣ የት እንደሚጠየቅ የሚያውቅ ካለ ይጠቁመን!)

ሁለተኛ፣ በነጻ አንጫወትም። የኢንተርኔት ፓኬጅ እንገዛለን። ጊዜያችንን እንከፍላለን። አንድ ሰው ለአራት ወር በየቀኑ የሠራውን «በነጻ ያገኘኸው ነው» ማለት ከሥራ ሁሉ የሚቆጠረው በገንዘብ የተከፈለው ብቻ ነው እንደ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ከፋዩ የሚያሸንፈው ማንን ነው? ውድ ካርድ የገዛ ሰው የሚጫወትበት ሰው ካጣ ካርዱ ሥዕል ነው። ሜዳውን የምንሞላው እኛ ነን።

ይህን ስንል የሌላውን ወገን ችግር ሳናይ ቀርተን አይደለም። የራዮት ጌምስ «ሌጀንድስ ኦፍ ሩንቴራ» እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ ገንዘብ የሌለውን ተጫዋች በማክበር የተመሰገነ ነበር። ሳይከፍሉ ካርዱን ሁሉ መሰብሰብ ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ግን ኩባንያው 530 ሠራተኞቹን ሲቀንስ ያ ጨዋታ ወጪውን እንዳልሸፈነ ተናገረ፤ የሰው ለሰው ውድድሩንም ወደ ጎን ትቶ ብቻን ወደሚጫወቱት ክፍል ዞረ። ደግነት ብቻውን ደመወዝ አይከፍልም። ይገባናል። ስለዚህ ሁሉንም በነጻ ስጡን አንልም።

የምንለው ይህን ነው

የምንጠይቀው ኩባንያዎቹን የማያደኸይ ነገር ነው። የካሣው ቀን የሚቆጠረው ካርዱ ከተኮላሸበት ቀን ሳይሆን ተጫዋቹ ተመልሶ ጨዋታውን ከከፈተበት ቀን ይሁን። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። በየቀኑ ለሚገባው ተጫዋች የሚለውጠው ነገር የለም፤ መስመር ለጠፋበት ግን ሁሉም ነገር ነው። ካሣው ደግሞ ለተኮላሸው ካርድ ብቻ ሳይሆን ያለ እሱ ለማይቆሙት ለዋነኞቹ ተቀናጆዎቹም ይድረስ። የትኛው ካርድ ከየትኛው ጋር እንደሚጠመድ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ሊያኮላሹት የወሰኑትም ይህንኑ ቆጥረው ነው።

ለእኛ ቢጤዎች ደግሞ፣ ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ፣ ከስህተታችን የተማርነውን እንንገራችሁ። ብናኛችሁን ሁሉ በአንድ ጥማድ ላይ አታፍስሱ። ሰዉ ሁሉ «የማይበገር» የሚለውን ደክ ሰዉ ሁሉ ባወራበት ሳምንት አትሥሩ፤ ቀጥሎ ቢላዋ የሚሳልበት እሱ ነው። ከሁለትና ከሦስት ደክ ጋር የሚጠመድ ካርድ ካገኛችሁ እሱን አስቀድሙ። ዋናው ካርድ ሲኮላሽ ደግሞ ሌሎቹን በንዴት ለመሰባበር አትቸኩሉ፤ ዛሬ ያለ ሥራ የቆመ በሬ ነገ ሌላ መቀናጆ ሊያገኝ ይችላል።

እኛ አራታችን አዲስ ደክ ጀምረናል። ከድሮው የተረፉትን ካርዶች አልሰበርናቸውም። ሣር እየጋጡ ነው።