200 ሜትር ለመቂ?

ዝዋይ ሐይቅ ጥልቀቱ 10 ሜትር እንኳ አይሞላም። እኛ ግን መቂ ተቀምጠን፣ 200 ሜትር ውኃ የምትችል ሰዓት ስንፈልግ ከረምን! ሴኮ ኤስኬኤክስ 007… እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2019 ተመርታ የቀረችው። ባትሪ የላትም፤ የእጅ እንቅስቃሴ ይበቃታል።

በመጨረሻ አዳማ ላይ አገኘናት። ጭቅጭቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። "መስታወቷን ሳፋየር፣ ማሽኗን ኤንኤች 36 አድርጓት፣ ገጿንም ቀይሩት" የሚለን በዛ። ማሽኑስ እውነትም ያጓጓል፤ የድሮው በእጅ አይሞላም፣ ስታስተካክሉትም የሰከንዱ ቆጣሪ አይቆምም። ገጿን ግን አንነካም! እንዲህ እየተባለ ነው እኮ ያልተነካካች የጠፋችው።

የለወጥነው የዙሪያዋን ቀለበት ብቻ ነው። የደቂቃውን አንስተን ከ1 እስከ 12 የተጻፈበትን አስገባን። የቀለበቱን 12 ወደ ገጹ 6 አዙሩት፤ ቆጣሪው የፈረንጁን 7 ሲያሳይ ቀለበቱ 1 ሰዓት ይላችኋል። በሐበሻ!

ሰዓት ሠሪው ሳቀብን። "ቆጣሪውን በሐበሻ መሙላት አይቀልም ነበር?"

ይቀላል። ግን የአውሮፕላን ቲኬት የሚቆረጠው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ከመሃላችን ደግሞ ቲኬት የማያልም የለም። የተነሳውን ቀለበት በጨርቅ ጠቅልለን አስቀምጠነዋል።