ጤና መብት ነው፤ ለክልል ምክር ቤት የምንወዳደረውም ለዚህ ነው



ታማሚ ይዞ ወደ መንግሥት ሆስፒታል የሄደ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ማለዳ ለካርድ ይሰለፋል፤ ተራው ደርሶ ሐኪም ፊት ሲቀርብ መድኃኒት ይታዘዝለታል፤ ማዘዣውን ይዞ ወደ መድኃኒት ክፍሉ መስኮት ሲሄድ ግን «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ይባላል። ለምርመራም ወደ ግል ክሊኒክ ይላካል። ገንዘብ ለሌለው ጎረቤት መዋጮ ያሰባስብለታል፤ የጎረቤት አቅም ካልበቃም ፎቶግራፉ መኪና ላይ ተለጥፎ በድምፅ ማጉያ ይለመንለታል። ሕዝባችን ለቀብሩ እድር አለው፤ እድር ግን የሚደርሰው ከሞትን በኋላ ነው። ከመሞታችን በፊት ሊደርስልን የሚገባው መንግሥት የት አለ? በዚህ ምርጫ ለክልል ምክር ቤት ያቀረብናቸው እጩዎች ይዘው የሚቀርቡት ጥያቄ ይህ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ገዥው ፓርቲ ሕክምናን እንደ ችሮታ እየቆጠረ፣ ጤና ጣቢያ በተመረቀ ቁጥር ምስጋና ይጠይቃል። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ግን እንዲህ አይልም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና አገልግሎት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት፣ ዜጎችም በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 51 አገር አቀፍ የጤና መመዘኛና መሠረታዊ የፖሊሲ መለኪያ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሲሰጥ፣ አንቀጽ 52 ደግሞ ክልሎች የራሳቸውን በጀት አዘጋጅተው እንዲያስተዳድሩ ይፈቅዳል። ስለዚህ የከተማችሁ ሆስፒታል መድኃኒትና የሐኪሙ የተረኛ ክፍያ ጉዳይ አዲስ አበባ ብቻ የሚወሰን አይደለም። የክልሉ ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ እጅ የሚያወጣው ወይም የማያወጣው እናንተ የመረጣችሁት ሰው ነው።

የተሠራውን አንክድም

በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 59 ወርዷል። ቤት ለቤት የዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እህቶቻችን ለዚህ ትልቅ ድርሻ አላቸው፤ እናመሰግናቸዋለን። ነገር ግን ከክትባት ተርፎ ያደገው ልጅ ኩላሊቱን ሲታመም፣ እናቱ ስኳር ወይም ደም ግፊት ሲይዛት፣ አባቱ ካንሰር ሲገኝበት ምን ይሁን? ለዚህ ጥያቄ ሥርዓቱ እስከ ዛሬ መልስ የለውም።

ላም አለኝ በሰማይ

ሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ተሰብስበው ቢያንስ ከዓመታዊ በጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገቡ። ኢትዮጵያ ይህን ቃል አልፈጸመችም። በአገሪቱ ለጤና ከሚወጣው ገንዘብ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው ከታማሚው ኪስ፣ ሌላው አንድ ሦስተኛ ያህል ደግሞ ከውጭ ለጋሾች ሲመጣ ኖሯል። የሰው ገንዘብ ደግሞ የሚያዘው ባለቤቱ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድ በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ 5,000 የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። በሌላ አገር በተፈረመ ወረቀት የእኛ ታማሚ ያለ አገልጋይ ቀረ።

የጤና መድኑስ? በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ሐሳቡ መልካም ነው፤ እኛም እንደግፈዋለን። ነገር ግን መዋጮውን የከፈለ አባል መድኃኒቱን እንደገና ከኪሱ ከገዛ፣ ደብተሩ ምን ጠቀመው? ለመንግሥት ሠራተኛውና ለጡረተኛው ደግሞ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጣ። አዋጁ ከአሥር ዓመት በላይ በወረቀት ላይ ቆየ። መምህሩና የቢሮ ሠራተኛው ከዚህም ከዚያም ሳይሆኑ ቀሩ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ሐኪሙም ቢሆን ከእኛ የተሻለ ኑሮ የለውም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄያቸውን ይዘው ሥራ ባቆሙ ጊዜ ብዙዎቹ ታሠሩ። ልጁን በደመወዙ ማብላት ያልቻለ ሐኪም የሰው ልጅ እንዲያድን ይጠበቃል!

እጩዎቻችን ምን ይሠራሉ?

1ኛ/ ለጤና የሚመደበው ገንዘብ ከክልሉ በጀት ያለው ድርሻ በየዓመቱ ከፍ እያለ ወደ 15 በመቶ እንዲደርስ ይታገላሉ። ድርሻውን የሚቀንስ በጀት ሲቀርብ የተቃውሞ ድምፅ ይሰጣሉ። የየሆስፒታሉና የየጤና ጣቢያው በጀት በቀበሌ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ያደርጋሉ።

2ኛ/ የመድን አባል የታዘዘለት መድኃኒት በጤና ተቋሙ ከሌለ፣ ውል ከገባ መድኃኒት ቤት ወስዶ ሂሳቡን መድኑ እንዲከፍል ይጠይቃሉ። የመንግሥት ሠራተኛውን በተመለከተ አቋማችን ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ መድኃኒትና አገልግሎት ይቅረብ፤ ከደመወዝ መቁረጥ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

3ኛ/ የድሆች የነፃ ሕክምና ወረቀት በፓርቲ አባልነት ወይም በዝምድና እንዳይሰጥ፣ ነዋሪው ራሱ ድሆቹን እንዲመርጥና ስማቸውን እንዲያጸድቅ ያደርጋሉ።

4ኛ/ የጤና ባለሙያዎች የተረኛ ክፍያ በወሩ እንዲከፈል፣ ባለሙያዎችም ጥያቄ በማንሳታቸው እንዳይታሠሩ በምክር ቤቱ ድምፃቸውን ያሰማሉ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ተቀናቃኞቻችን ይህን መጠየቃቸው አይቀርም። እኛ ሁሉን በነፃ እናደርጋለን ብለን አንዋሽም። አገራችን ድሃ ናት። ድሃ አገር ግን ገንዘቧን የምታውልበትን ቅደም ተከተል ከሀብታም አገር የበለጠ መጠንቀቅ አለባት። ለባለሥልጣን መኪና፣ ለአዳራሽ ስብሰባና ለበዓል ድግስ ብር ሲገኝ፣ ለኢንሱሊን ሲሆን «በጀት የለም» የሚባልበትን አሠራር አንቀበልም። ከዚህ የሚተርፈው ሁሉንም ጉድለት እንደማይሸፍን እናውቃለን፤ ነገር ግን የክልል ምክር ቤት ዛሬውኑ ሊጀምረው የሚችለው ሥራ ይህ ነው።

የተከበራችሁ መራጮች፣

እጩ ሁሉ፣ የእኛም ጭምር፣ ወደ ደጃችሁ ሲመጣ አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ባለፈው በጀት ለጤና ስንት ተመደበ? አንተስ በሚቀጥለው ለምን እጅህን ታወጣለህ?» መልስ የሌለው ከሆነ ድምፃችሁን አትስጡት። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለውን አባባል በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ስናነበው ኖረናል። በምርጫ ካርዳችሁም አስቀድማችሁ ተጠንቀቁ።

ጤና የሕዝብ መብት እንጂ የመንግሥት ችሮታ አይደለም!