ለፋይሉ ስም አውጡለት

«ቴሌግራም ተማሪውን አበላሸው» የሚለው አቤቱታ ሰሞኑንም አገርሽቷል። እኔ ግን ነገሩን በሌላ በኩል ልያዘው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት እንዲዘጉ ሲወሰን፣ ማስታወሻውም ጥያቄውም ወደ ቴሌግራም ፈለሰ፤ በሩ ሲከፈትም ከዚያው አልወጣም። በጉራጌ፣ ከጥያ እስከ ቡታጅራ፣ እስከ ወልቂጤም፣ ስልክ በእጁ የገባ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ መጽሐፉንም ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችንም እዚያ ይፈልጋል። የሚያስቆጨኝ የትምህርቱ ማነስ ሳይሆን መዝረክረኩ ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሮ ሳለ የድሮውና የአዲሱ መጽሐፍ በአንድ ቻናል ተደባልቀው ይቀመጣሉ። ፋይሉ ስም የለውም፤ ያለው ስልኩ የሰጠው የቁጥር ጋጋታ ነው። ባለፈው ሳምንት የተለጠፈ ግሩም ማብራሪያ ዛሬ በማስታወቂያ ክምር ተውጦ የት እንደገባ አይታወቅም።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ጆርጅ ሲመንስና ስቲቨን ዳውንስ በካናዳ ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ በኩል ኮርስ ሲሰጡ ከፍለው የተማሩት 25 ያህል፣ በነፃ የተከታተሉት ግን ከ2,000 በላይ ነበሩ። ሰዉ በየራሱ ገጽ ይጽፍ ነበር፤ የተበተነውን ያገናኘው ሁሉም በጽሑፉ ላይ የሚያኖረው «ሲሲኬ08» የሚል አንድ የጋራ መለያ ነው። ይኸው መሣሪያ በየኪሳችን አለ። ከማስታወሻው ሥር #ፊዚክስ_12_ምዕራፍ3 ተብሎ ሃሽታግ ከተጻፈበት፣ እሱን የነካ ተማሪ በቻናሉ ውስጥ ያንኑ መለያ የያዘውን ሁሉ ተደርድሮ ያገኘዋል። ችግሩ ማሽኑ የሚያውቀው ፊደል እንጂ ሐሳብ አለመሆኑ ነው። አንዱ መምህር #ሒሳብ፣ ሌላው #ሂሳብ፣ ሦስተኛው #ሕሳብ ብለው ከጻፉ ለእሱ ሦስት የተለያዩ ትምህርቶች ናቸው። በጥያ ትክል ድንጋዮች ላይም የሚደርሰው ይኸው ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው እነዚህ 36 ድንጋዮች፣ ከእነሱም ጎራዴና ሌሎች ምልክቶች የተቀረጹባቸው 32ቱ፣ ለሚገኙበት ለሶዶ ወረዳ የታሪክ መምህር ከደጁ ያለ መማሪያ ናቸው። ሆኖም ስሙን አንዱ «ጥያ» ሌላው «ጢያ» ብሎ ስለሚጽፍ፣ በአንዱ የፈለገ በሌላው መለያ የተቀመጠውን ፎቶና ጽሑፍ ሳያይ ይቀራል። ስለዚህ ከኮምፒውተሩ በፊት የሚያስፈልገው የሰዎች ስምምነት ነው።

«ዳታ የሚገዛበት የሌለውን ልጅ ሃሽታግ ምን ይጠቅመዋል?» የሚሉ አሉ። በጣም የሚጠቅመውማ እሱን ነው! ገንዘብ ያለው አሥር ፋይል አውርዶ ዘጠኙን ይጥላል፤ የሌለው ግን የሚፈልገውን አንዱን ሳይሳሳት ማግኘት አለበት። ስልክ ጭራሽ የሌለውም ቢሆን፣ ጓደኛው ፈልጎ ካገኘለት አሳትሞ ያነበዋል። ሁለተኛው ተቃውሞ የ2008 ዓ.ም.ን የፈተና መውጣት ያነሣል። እውነት ነው፣ ያኔ የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ተበትኖ ተሰርዟል። ነገር ግን ሌባ የሚሠራው በድብቅ ነው፤ በግልጽ መለያ የተቀመጠ ማስታወሻን መምህርም ወላጅም ያየዋል፣ ስሕተት ካለበትም ያርመዋል። ደግሞስ ፈተናው ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ያለፈው 3.3 በመቶ፣ በቀጣዩ ዓመትም 3.2 በመቶ ብቻ ነበር። ይህ ቁጥር ስለ ኩረጃ ብቻ አይናገርም፤ በደንብ የመማር ዕድል ያላገኘ ትውልድ እንዳለን ይናገራል። ሃሽታግ ብቻውን ይህን ይለውጣል አልልም፤ ተማሪው ያለውን ትንሽ ጊዜ በፍለጋ እንዳይጨርስ ግን ያደርጋል።

እኔም የምቀበለው ተቃውሞ የመምህሩን ሸክም የሚያነሣው ነው። ደመወዙ ኑሮውን ለማይችልለት ሰው ተጨማሪ ሥራ መጫን ተገቢ አይደለም። ስለዚህ መምህራን ዝርዝሩን አንዴ ይወስኑ፣ በየፋይሉ ላይ መለያ የማኖሩን ሥራ ተማሪዎች በየምዕራፉ ይከፋፈሉት፤ ሲያደርጉትም ምዕራፉን ሳያነቡት አይቀሩም። የጉራጌ ሕዝብ በማኅበር ተደራጅቶ፣ ከኪሱ አዋጥቶ መንገድ ያሠራ ሕዝብ ነው። ይኼኛው ብር እንኳ አይጠይቅም። የቡታጅራና የወልቂጤ መምህራን ሆይ፣ መስከረም ሳይጠባ ተሰብስባችሁ በአንድ ገጽ የመለያ ዝርዝር ላይ ተስማሙ፤ «ሒሳብ» በየትኛው «ሐ» እንደሚጻፍም ጭምር።