ሽመላዋ ሰላይ አይደለችም፤ እኛ ግን ምስክር መሆን አቅቶናል

ወገኖቼ፣ ዛሬ ይረዝማል። ቡና የሚጠጣ ቡናውን ያስቀርብ። ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ግን ሁለት ቀን ካደርኩበት በኋላ ስለሆነ የምለውን አውቀዋለሁ።

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ሼር ያደረጋችሁትን ፎቶ እኔም አይቼዋለሁ። ሁለት ወጣቶች አንዲት ትልቅ ነጭ ወፍ ክንፏን ግራና ቀኝ ወጥረው ይዘዋል። የክንፏ ጫፍ ጥቁር፣ ምንቃሯና እግሯ ቀይ ነው። አንገቷ ላይ ሲባጎ አለ። ከጉልበቷ ከፍ ብሎ ደግሞ የብረት ቀለበት። ከፎቶው በላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «ብርቅዬ ወፍ በወለጋ ተያዘ! እግሩ ላይ የስለላ መሣሪያ ተገኘ!»

ኮመንቱን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አንዱ «የምጽአት ምልክት ነው» ይላል። ሌላው «ስንት ብር ያወጣል?» ይላል። ሌላው «ማን እንደላከው ይጣራ» ብሎ ሦስት የቃለ አጋኖ ምልክት ደርድሯል። ከዚያ ሁሉ ሰው «ቀለበቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ አንድም አላየሁም። አንድም!

ቦታውን አንድ ተማሪዬ ያውቀው ነበር። ከነቀምቴ ብዙ የማይርቅ ጨፌ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አብረን ሄድን። ወፏ ሞታለች፤ ውሻ ጎትቷታል። ቀለበቱን ስናፈላልግ ውለን ከሰዓት በኋላ አንድ ባጃጅ ቁልፍ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘነው። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ስጠይቀው ወዲያው አሳየኝ። «ቲቸር፣ ዝጎ ስለነበር በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት» አለኝ። ያብለጨልጫል። ከቁጥሩ ሦስት አሃዝ ብቻ ቀርቷል። የማዕከሉ ስም ጠፍቷል።

እዚያው ቆሜ ልቤ ደማ። ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ።

ወፏ ነጭ ሽመላ ናት። አውሮፓ ጎጆዋን የምትሠራው ሰው ቤት ጣሪያ ላይ፣ ጭስ ማውጫ ላይ፣ የመብራት ምሰሶ ላይ ነው። እዚያ ክረምቱ ሳይገባ ተነስታ ወደ እኛ ትመጣለች። ባሕር አቋርጣ አትመጣም፤ ያለ ብዙ ድካም የምትንሳፈፈው ከመሬት በሚነሳው ሙቅ አየር ላይ ስለሆነና ባሕር ላይ ያ አየር ስለማይገኝ ትዞራለች። በቱርክ በኩል አልፋ፣ ሲናን ተሻግራ፣ የዓባይን ሸለቆ ይዛ ሱዳን ትደርሳለች። ከዚያ ወደ እኛም ትገባለች። ከጓደኞቿ አንዳንዶቹ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይወርዳሉ፤ የአንድ ጊዜ መንገዳቸው ወደ 10,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በየዓመቱ መሄድና መመለስ ነው።

ቀለበቱ ምንድን ነው? መታወቂያዋ ነው። ሰዎች ጫጩት ሳለች ጎጆዋ ላይ ወጥተው ያሠሩላት ነው። ባትሪ የለውም፣ ካሜራ የለውም፣ አያዳምጥም። ያለው ቁጥርና የማዕከል ስም ብቻ ነው። ያንን ቁጥር አንብቦ የላከ ሰው የት እንደተወለደች፣ በስንተኛው ቀን ቀለበት እንደታሰረላት፣ ስንት ዓመቷ እንደሆነ ይነገረዋል። ያ ሁሉ ታሪክ እኛ ዘንድ የባጃጅ ቁልፍ ማንጠልጠያ ሆኖ ቀረ።

አሁን ደግሞ የሚገርመውን ልንገራችሁ። ሽመላ አፍሪካ እንደምትከርም አውሮፓውያን ያረጋገጡት በእኛ አህጉር ጦር ነው። እ.ኤ.አ. በ1822 ጀርመን ውስጥ ክሉትዝ በምትባል መንደር አጠገብ አንዲት ሽመላ ተገደለች። አንገቷ ውስጥ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን የአፍሪካ ጦር ተሰክቶ ነበር። ከአፍሪካ ሰው ተወግታ፣ ጦሩን ተሸክማ በርራ ተመልሳለች! እስከዚያ ድረስ ወፎች ክረምቱን የት እንደሚያሳልፉ እርግጠኛ የሆነ አልነበረም፤ ጭቃ ውስጥ ይተኛሉ የሚል ሁሉ ነበር። ያቺ ሽመላ ደርቃ ዛሬም ሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ቆማለች። እነሱ በእኛ ጦር ትምህርት ቀሰሙ፤ እኛ በእነሱ ቀለበት ቁልፍ አንጠለጠልን።

ሁለተኛውን ደግሞ ለመምህራን ጓደኞቼ ነው የምነግረው። ወፍን በሥርዓት ቀለበት ማሰር የጀመረው ማን ይመስላችኋል? ትልቅ ፕሮፌሰር? አይደለም። ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን የሚባል የዴንማርክ ሰው ነው፤ ቪቦርግ በምትባል ከተማ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1899 አድራሻና ቁጥር ያለባቸውን የአሉሚኒየም ቀለበቶች 165 ወፎች እግር ላይ አሰረ። መምህር ነው! እንደ እኔና እንደ አንተ ጠመኔ የሚይዝ። እኔን «ዲፕሎማ ይዘህ ስለ ወፍ ሳይንስ ታወራለህ?» ያልከኝ ወንድሜ፣ መልሴ ይኸው።

የስለላውን ወሬ በተመለከተ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2013 ግብፅ ቄና ውስጥ አንዲት ሽመላ ጀርባዋ ላይ መከታተያ ስለተገኘ በስለላ ተጠርጥራ ታስራለች። ሀንጋሪ ላይ የታሰረላት የጉዞ መከታተያ ነበር። ዓለም ሁሉ ሳቀ። ከተለቀቀች በኋላ ብዙም ሳትቆይ ሰዎች በሏት ተባለ። ያኔ እኛም ስቀናል። ዛሬ ማን ይሳቅብን?

ደግሞ እኮ የምትበላ እንኳ አይደለችም! ዘሌዋውያንን የምታነቡ፣ ከማይበሉት ወፎች ዝርዝር ውስጥ ሽመላ በስሟ አለች። ኤርምያስ ምዕራፍ 8ን ክፈቱ፤ ነቢዩ ሕዝቡን ሲወቅስ ጊዜዋን የምታውቅ ብሎ ያነሳት እሷን ነው። ታዲያ ካልበላናት፣ ካልሸጥናት፣ ካላነበብናት ለምን ገደልናት?

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። ባለፈው ስለ ተማሪዎቼ የወፍ ቆጠራ ስጽፍ አንድ የማከብረው ሰው በውስጥ መስመር እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ ሰው ባለቀበት ሀገር አንተ ወፍ ትቆጥራለህ?»

ይሄን ጥያቄ አልንቀውም። እኔም እዚሁ ነኝ። በእነዚህ ዓመታት ወለጋ ያየችውን አይቻለሁ። መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲቋረጥ፣ ተማሪ ከክፍል ሲጎድል ስም የምጠራው እኔ ነበርኩ። ቆጠራ ልንወጣ ተዘጋጅተን «ዛሬ ከከተማ አትውጡ» ተብለን የቀረንባቸው ቅዳሜዎች ደብተሬ ላይ ባዶ መስመር ሆነው አሉ። ስለዚህ ለዚያ ወንድሜ በቁጣ አልመልስለትም። ግን እመልስለታለሁ።

አንደኛ፣ ሽመላ ምን ትበላለች? አንበጣና ተምች ትበላለች። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ መጤ ተምች ሀገራችን ገብቶ በቆሎአችንን ምን እንዳደረገው የወለጋ ገበሬ ይንገርህ። ተምችን ሽመላ ብቻዋን ታጠፋዋለች አልልም፤ ውሸት ይሆናል። ግን ያለ ደመወዝ የምትሠራልህን ሠራተኛ በሲባጎ አንቀህ ስታበቃ፣ ለመድኃኒት ብድር ትወስዳለህ።

ሁለተኛ፣ ሽመላዋ ያረፈችበት ጨፌ የማን ነው? ጨፌ ማለት ለእኛ ሣር ብቻ አይደለም። የክልላችን ምክር ቤት ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው፤ አባቶቻችን ተሰብስበው ሕግ ያወጡ የነበረው ጨፌ ላይ ስለነበር። ጨፌ ክረምት የጠጣውን ውሃ በጋ የሚመልስ ነው። ቦይ ተቀዶለት ሲደርቅና በቆሎ ሲዘራበት፣ ዙሪያው ባሕር ዛፍ ሲተከል፣ መጀመሪያ የምትጠፋው ወፏ ናት። ቀጥሎ ምንጩ ይጠፋል። ከዚያ እናቶቻችን ጀሪካን ይዘው አንድ ሰዓት ይጨመርባቸዋል። እኔ ወፍ የምቆጥረው ለጌጥ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። ወፏ ቀድማ የምትናገር ምስክር ናት።

ሦስተኛ፣ ዋናው ነገሬ ይሄ ነው፤ ያልተጻፈ ነገር ሲጠፋ እንደጠፋ አይቆጠርም።

የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 የሀገሪቱን ዋና ዋና የወፍ ቦታዎች መዝግቦ 69 ቦታዎችን አውጥቷል። ከእነሱ ውስጥ የእኛም አሉ፦ ሆሮ ጉዱሩ ያለው የፊንጫአና የጮመን ረግረግ፣ በምዕራብ ወለጋ በኩል ያለው የጆርጎ ዋቶ ደን። ፊንጫአ ግድቡ ከተሠራ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ውሃው እየሰፋ ብዙውን ረግረግ ዋጠው። መብራት አገኘን፤ አልቃወምም፣ ይሄን ጽሑፍም በመብራት ነው የምጽፈው። ግን ልጠይቅ፦ ከግድቡ በፊት ጮመን ላይ ስንት ባለ ዘውድ ክሬን ያርፍ ነበር? ሽማግሌዎች «ሰማይ ይሸፍን ነበር» ይላሉ። ሰማይ ይሸፍን ነበር የሚለውን የትኛው መሥሪያ ቤት በቁጥር ይቀበልሃል? ማንም። የጠፋብንን እንኳ መጠየቅ አንችልም፤ ደረሰኝ የለንማ!

ኢበርድ የሚባለውን የወፍ መመዝገቢያ መተግበሪያ ክፈቱት። የዓለም ሰው ያየውን ወፍ በቀንና በቦታ የሚያስገባበት ነው። ኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ያላት ሀገር ናት። ባሌን፣ አዋሽን፣ ዝዋይን ብታዩ ነጠብጣቡ ብዙ ነው። ወደ እኛ ስትመጡ ይሳሳል። ጊምቢ፣ ነጆ፣ ደምቢ ዶሎ ወፍ የለም ማለት ነው? የዳቲ ወለል ረግረግ ባዶ ነው? አይደለም! ያየ አለ፤ የጻፈ የለም። እኛ «ብርቅዬ» የምንለው ወፍ ብዙ ጊዜ ብርቅ አይደለም። ብርቁ ጸሐፊው ነው።

እኔና ተማሪዎቼ ሦስት ዓመት የያዝነው ደብተር አለ። ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው፣ ጥርሱ የተበላ። በጥቅምት መጀመሪያ ከብት እግር ሥር የምትሮጠዋ ቢጫ ሆድ ትንሽ ወፍ መቼ እንደመጣች ተጽፏል። በኅዳር የሽመላ መንጋ በከተማው ላይ ስንት ሆኖ እንዳለፈ ተጽፏል። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ መንጋውን በአሥር በአሥር እየከፈለ ሲቆጥር፣ ሒሳብ የማይወድ ልጅ ነው አሉኝ። ይሄ ደብተር ለትልቅ ሰው ሳሳየው «ለሪፖርት አይሆንም» ተባልኩ። ማን እንዳለኝ አልጽፍም፤ ስም ማጥፋት ፍላጎቴ አይደለም። ግን ለሪፖርት የሚሆነው ምንድን ነው? የተተከለ ችግኝ ቁጥር ብቻ?

ሀገራችን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የሚሰደዱ ወፎችን ለመጠበቅ የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል ናት። ፊርማው አዲስ አበባ አለ። ወፏ ግን የምታርፈው አዲስ አበባ ላይ አይደለም፤ እኛ ጨፌ ላይ ነው። ስምምነቱን የሚያከብረው ወይም የሚያፈርሰው ሲባጎ የያዘው ልጅ ነው። ያንን ልጅ ያስተማረው ማን ነው? እኔ ነኝ። ስለዚህ ከወቀሳው ድርሻዬን ወስጃለሁ። ምንቃርና እግርን በጥቁር ሰሌዳ ሥዬ አስተምሬዋለሁ፤ ቀና ብሎ እንዲያይ ግን አላስተማርኩትም።

እንግዲህ የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው።

የማታውቁትን ወፍ ስታዩ አትያዙት። ስልካችሁን አውጡ፣ ራቅ ብላችሁ አንሱት። ከፎቶው ጋር ሦስት ነገር ጻፉ፦ ቀን፣ ቦታ፣ ስንት እንደሆኑ። «ብርቅዬ ወፍ በወለጋ» ብቻ ምንም ማለት አይደለም፤ ወለጋ ስንት ቀበሌ ነው!

እግሩ ላይ ቀለበት ካለ አቅርባችሁ አንሱና ፊደሉንና ቁጥሩን ጻፉ። ዩሪንግ የሚባል የአውሮፓ ቀለበት አሳሪ ማዕከላት ኅብረት አለ፤ በኢንተርኔት ይቀበላል። ካልሆነላችሁ ለእኔ ላኩልኝ፣ እኔ እልከዋለሁ። ወፉ ሞቶ ካገኛችሁትም ቀለበቱን አትፈግፍጉት! ዝገቱ ይቆይ።

መምህራን፣ በተለይ ጊምቢ፣ ሻምቡ፣ ነጆ፣ ደምቢ ዶሎ ያላችሁ፣ አንድ ደብተር ግዙ። ባጀት አትጠብቁ። ቅዳሜ አንድ ሰዓት ይበቃል፤ መንገዱ ሰላም በሆነበት፣ ከከተማ ሳትርቁ።

ፎቶውን ሼር ያደረጋችሁ ደግሞ አጥፉት አልልም። ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሩበት፦ ነጭ ሽመላ፣ ኅዳር፣ ነቀምቴ አካባቢ፣ አንድ፣ ሞታ የተገኘች። ቢያንስ ሞቷ ይመዝገብ።

ቀለበቱን ልጁ ሰጥቶኛል፤ ክፍል ውስጥ ሰቅየዋለሁ። የቀሩትን ሦስት አሃዞች ተማሪዎቼ ደብተራቸው ላይ ጽፈዋቸዋል። የጠፉት ስንት እንደሆኑ አንዷ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።