«የገጠር ሥዕል» የሚለው ስያሜ ሲመረመር

በሥነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ ሥር ሰድዶ የኖረ አንድ አመለካከት አለ። ይኸውም ታላቅ ጥበብ የሚፈልቀው ከመናገሻ ከተማ ነው፤ ወደ ገጠር የሚደርሰው ግልባጩ ብቻ ነው የሚል ነው። በዚህ ሚዛን ቁስጥንጥንያ ምንጭ፣ በባልካን ሐይቆች ዳር ያሉት የቢዛንታይን ዘመን ትንንሽ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ የምንጩ ጭላጭ ተደርገው ይታያሉ። ይህ አመለካከት በማስረጃ ሲፈተሽ አይጸናም።

ሰሜን መቄዶንያ፣ አልባንያና ግሪክ በሚዋሰኑበት በፕሬስፓ ሐይቅ አጠገብ፣ በሰሜን መቄዶንያ በኩል፣ ኩርቢኖቮ የተባለች መንደር አለች። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያኗ ጉልላት የሌለው፣ ባለ አንድ አዳራሽ ትንሽ ሕንፃ ነው። በመንበሩ ላይ የሚገኘው ጽሑፍ ሥዕሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ኤፕሪል 25 ቀን 1191 እንደ ተጀመረ ይመሰክራል። በብሥራቱ ሥዕል ላይ ገብርኤል ወደ ድንግል ማርያም ሲገሠግሥ ልብሱ ነፋስ እንደ መታው ማዕበል ይጥመለመላል፤ መሥመሩ ራሱ እንቅስቃሴ ሆኗል። የፍሬስኮ ሥዕል መሠረቱ የሚጣለው ልስኑ ሳይደርቅ ስለሆነ፣ እጁ የሚያመነታ ሰው እንዲህ ያለውን ሥራ አይደፍረውም።

ለመሆኑ ይህ የየትኛው ሥዕል ግልባጭ ነው? ግልባጭ ለማለት አስቀድሞ ዋናውን አቅርቦ ማስተያየት ግዴታ ነው። የቁስጥንጥንያ የ12ኛው ክፍለ ዘመን የግድግዳ ሥዕል ግን ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ስለዚህ የዘመኑን ሥዕል የሚያጠና ሁሉ የሚሄደው ወደ ኔሬዚ (1164)፣ ወደ ኩርቢኖቮ (1191)ና በቆጵሮስ ተራራ ወደምትገኘው ላጉዴራ (1192) ነው። መናገሻዋ ዛሬ የምትታወቀው በገጠሩ ምስክርነት ነው፤ ሆኖም አበዳሪው ተበዳሪ ተብሎ ተመዝግቧል።

ሠዓሊዎቹ በከተማ ሠልጥነው የመጡ ይሆናሉ የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። ቢሆንስ? ሥዕሉ የተፀነሰው ለዚያ ግድግዳና ለዚያ ብርሃን ነው።

የስያሜው ጉዳት በመጽሐፍ ላይ አይወሰንም። «ሁለተኛ ደረጃ» የተባለ ሥራ በጥገና ተራም ሁለተኛ ይሆናል። ጣሪያ ሲያፈስ እርጥበቱ ጨውን ወደ ልስኑ ፊት ይገፋል፤ ቀለሙም ይላጣል። የረገፈውን የሚመልስ ባለሙያ የለም። የኩርቢኖቮው ገብርኤል በአገሪቱ ባለ 50 ዴናር የገንዘብ ኖት ላይ ታትሟል፤ ምስሉን በኪስ መያዝ ግን ግድግዳውን መጠበቅ አይደለም።

እንግዲህ መምህሩ ሲያስተምር፣ ሠዓሊው ሲያጠና፣ የባህል ሠራተኛውም ቅርስ ሲመዘግብ፣ «ገጠር» የቦታ ስም እንጂ የደረጃ መለኪያ አለመሆኑን ሊያሰምርበት ይገባል።