ህንድ ከጥንት መጻሕፍቷ ምን ትማር?

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ከህንድ ምድር ጦር አዛዥ ቢሮ አንድ ታዋቂ ምስል ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1971 የፓኪስታን ጦር ዳካ ላይ እጅ ሲሰጥ የሚያሳየው ነው። በቦታው የተሰቀለው ሥዕል የክሪሽናን ሠረገላና ጥንታዊውን የመንግሥት አማካሪ ቻናክያን ከዘመናዊ ታንክ ጋር ያሳያል። ጦሩ "አሮጌው ምስል ብዙ ሰው ወደሚያየው ቦታ ነው የተዛወረው" ብሏል። ክርክሩ ግን አልበረደም።

ክሪሽናና ቻናክያ በአንድ ሥዕል ላይ ቢቆሙም ትምህርታቸው ለየቅል ነው።

በባጋቫድ ጊታ ጦረኛው አርጁና ዘመዶቹን በጠላት ሰልፍ ውስጥ ሲያይ ክንዱ ይዝላል። ክሪሽና ፍሬውን ሳይጓጓ ግዴታውን እንዲወጣ ይነግረዋል። ቲላክ ይህንን የተግባር ጥሪ አድርገው አነበቡት፤ ጋንዲ ደግሞ ሰው ከገዛ ነፍሱ ጋር የሚገጥመው ትግል ነው አሉ። እንዲህ ለሁለት የሚተረጎም መጽሐፍ ለወታደር ልብ ይሰጥ ይሆናል እንጂ የዘመቻ ዕቅድ አይሆንም።

የቻናክያ ነው የሚባለው አርታሻስትራ ግን ስለ ግብር፣ ስለ ሰላይና ስለ ምሽግ የሚያወራ የመንግሥት መጽሐፍ ነው። ንጉሥ ከመዝመቱ በፊት ኃይልን፣ ቦታንና ወቅትን እንዲመዝን ይመክራል። ማግባባት፣ መስጠትና መከፋፈል ከዱላ በፊት ይቆጠራሉ።

ይህን ምክር በተግባር ያሳየው ያው የወረደው ምስል ነው። ጄኔራል ሳም ማኔክሾ ራሳቸው እንደተረኩት፣ በ1971 ኤፕሪል ላይ ኢንዲራ ጋንዲ ጦሩ ቶሎ እንዲዘምት ሲፈልጉ "አሁን አይሆንም" አሉ። ዝናቡ ወንዞቹን ሊሞላ ነው፤ የሂማላያ መተላለፊያዎችም እየተከፈቱ ስለሆነ ቻይና ልትመጣ ትችላለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ጦርነቱ ዲሴምበር 3 ተጀምሮ በ13 ቀን አለቀ፤ 93 ሺህ ያህል ሰው ተማረከ።

ማኔክሾ ፓርሲ ነበሩ። በዳካ እጅ መስጫውን የተቀበሉት ጄኔራል አውሮራ ሲክ፣ የጦራቸው ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ጃኮብ ደግሞ አይሁዳዊ።

እ.ኤ.አ. በ2023 የህንድ ጦር ከጥንት ጽሑፎች ለመማር ኡድባቭ የተባለ ፕሮጀክት ጀምሯል። መኮንኖች አርታሻስትራን ቢያጠኑ የሚነቀፍ ነገር የለውም፤ ስሌቱን የየትኛውም እምነት ሰው ሊማረው ይችላል። ሠረገላው ግን የአንድ እምነት ምልክት ነው። ሙስሊሙ፣ ክርስቲያኑና ሲኩ ወታደር ከአዛዡ ወንበር ጀርባ ሲያየው "እኔስ የት ነኝ?" ብሎ ከጠየቀ፣ ጦሩ አንድም ጥይት ሳይተኮስበት ተከፋፍሏል። መከፋፈል ደግሞ ቻናክያ ለጠላት ያዘጋጀው መሣሪያ ነበር።