ከአሽከርካሪው ባሻገር፦ የትራፊክ አደጋ መንስኤና የሕግ ኃላፊነት በካዛንቺስ መንገዶች

በአዲስ አበባ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቶች ውስጥ «የአደጋው መንስኤ» በሚለው ዐምድ ሥር በየዓመቱ የሚደጋገሙት አገላለጾች ጥቂት ናቸው፦ ለእግረኛ ቅድሚያ አለመስጠት፣ ርቀትን ጠብቆ አለማሽከርከር፣ ከተወሰነው ፍጥነት በላይ መንዳት፣ ጠጥቶ ማሽከርከር። የመንገድና የተሽከርካሪ ጉድለትም ቦታ አላቸው፤ የሚመዘገብባቸው ቁጥር ግን እጅግ አነስተኛ ነው። ከዚህ መዝገብ የሚነሣ የድኅረ ምረቃ ጥናትም ብዙውን ጊዜ ዐምዱን ወደ ሠንጠረዥ ይለውጥና የአሽከርካሪዎች ግንዛቤ ሊዳብር ይገባል በሚል ምክረ ሐሳብ ይደመድማል። ዐምዱ ራሱ ምን እንደሚለካ እምብዛም አይጠየቅም።

ዐምዱ የሚለካው ከመንስኤ ይልቅ ጥፋተኝነትን ነው። ቅጹን የሚሞላው መርማሪ ፖሊስ ሲሆን፣ የሚሞላውም ለዐቃቤ ሕግ የሚቀርብ መዝገብ ለማደራጀት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል፤ አጥፊው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎችን ከገደለ፣ ግልጽ የሆነን ደንብ ሆን ብሎ ከጣሰ ወይም በመጠጥ ራሱን ካሳተ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ወደሚደርስ ጽኑ እስራት ከፍ ይላል። ስለዚህ መርማሪው የሚፈልገው የተጣሰውን ደንብና የጣሰውን ሰው ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208ም ይህንኑ ፍለጋ ያቀላጥፍለት ነበር። ለወንጀል ክስ ተገቢ የሆነው ይህ አሠራር ለተመራማሪ ግን የነገሩን ግማሽ ብቻ ያሳየዋል። «የመንገድ ጉድለት» ሲባል ለመርማሪው የሚታየው ጉድጓድ ወይም የተናደ ጠርዝ ነው፤ ማቋረጫ የሌለው ረጅም ጎዳና ወይም መኪና ፍጥነቱን ሳይቀንስ የሚዞርበት ሰፊ መታጠፊያ በጉድለት አይቆጠርም።

ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም ካዛንቺስ፣ ይህን ጥያቄ ለማንሣት አመቺ ስፍራ ነው። ስሙን ከጣሊያን ወረራ ዘመን የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤቶች የወረሰው ይህ ሰፈር፣ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሰፊው ክፍል ፈርሶ ብዙ ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛውረዋል። በምትኩ ሰፋፊ ጎዳናዎች፣ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች፣ የመንገድ መብራቶች ተዘርግተዋል። በመንገዱ ዳር ለሚሄድ እግረኛ ሁኔታው ከቀድሞው በእጅጉ ተሻሽሏል፤ ይህን መካድ ፍትሐዊ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው እግረኛው ወደ ማዶ መሻገር ሲፈልግ ነው። በከተማዪቱ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት ከአራቱ ሦስቱ በላይ እግረኞች ናቸውና ጉዳዩ በይደር የሚታይ አይደለም።

ሰፊ፣ ቀጥ ያለና ለስላሳ አስፋልት ምንም ምልክት ሳያስፈልገው ለአሽከርካሪው «ፍጠን» ይለዋል፤ በተለይ ጎዳናው ጭር በሚልበት በምሽት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ መኪናው በደረቅ አስፋልት ላይ እስኪቆም በድምሩ 28 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል፤ በ30 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ግን 13 ሜትር ይበቃዋል። አንዲት ልጅ 20 ሜትር ፊት ለፊት ወደ መንገዱ ብትገባ፣ ቀርፋፋው መኪና ሳይነካት ይቆማል፤ ፈጣኑ ከ35 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ይደርስባታል። ሁለቱ አሽከርካሪዎች በንቃትም በችሎታም እኩል ናቸው። በመዝገቡ ላይ ግን ሁለተኛው ብቻ «ለእግረኛ ቅድሚያ ባለመስጠት» ይሰፍራል፤ 50 መንዳትን ቀላልና ተፈጥሯዊ ያደረገው ጎዳና ስሙ አይነሣም።

መንገዱ የአሽከርካሪን ጠባይ እንደሚለውጥ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚያው በቂርቆስ፣ በለገሃር መስቀለኛ መንገድ፣ በ2009 ዓ.ም. ገደማ የከተማዋ የትራፊክ ማኔጅመንት መሥሪያ ቤት ከውጭ የከተማ ንድፍ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ በቀለምና በቀላል ማገጃዎች ማዕዘኖቹን አጥብቦ፣ የእግረኛውን መሻገሪያ አሳጥሮ ነበር። ለዚህ አዲስ ሕግም የቅጣት ብር ጭማሪም አላስፈለገም። መኪናው እንዲዞር የተተወለት ቦታ ስለጠበበ ብቻ አሽከርካሪው መቀነስ ግድ ሆነበት።

«አሽከርካሪውን ነፃ ለማውጣት ነውን?» የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። አይደለም፤ ጠጥቶ የነዳ ሰው ጎዳናው ሰፊ ነበር በሚል ከአንቀጽ 543 አያመልጥም፣ ሊያመልጥም አይገባም። የሕግ ኃላፊነት ግን በአንድ ሰው ላይ ካረፈ ለሌላው አይተርፍም ያለ የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤትን ምንም ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005ም ጥፋተኛው እስኪለይ ሳይጠብቅ ለተጎጂው የአስቸኳይ ሕክምና ዋስትና ሰጥቷል። ሕጉ ከጥፋተኝነት ባሻገር ማየትን አስቀድሞ ያውቅበታል ማለት ነው። መንገዱን ወደ ነደፈውና ወደሚያስተዳድረው አካል ሲደርስ ግን ዝም ይላል። አንቀጽ 2126 በመንግሥት ሠራተኛ የሥራ ጥፋት የተጎዳ ሰው መንግሥትን ካሳ እንዲጠይቅ ቢፈቅድም፣ የንድፍ ስሕተትን የሚመዝን መለኪያና የሚያሳይ ማስረጃ ከሌለ በሩ ክፍት መሆኑ ለሟች ቤተሰብ የሚፈይደው ጥቂት ነው። የስዊድን ፓርላማ በ1997 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው መርሕ የመንገድ ሥርዓቱን የሚነድፉ አካላት ለደኅንነቱ ቀዳሚ ኃላፊነት ወስደዋል፤ በዚያ አገር የመንገድ ባለሥልጣኑ እያንዳንዱን የሞት አደጋ ከፖሊስ ምርመራ ለይቶ ያጠናል።

በአዲስ አበባም ከፖሊስ ቅጽ ጎን አንድ ሁለተኛ ቅጽ ያስፈልጋል፤ የሰው ሕይወት በጠፋ ቁጥር መሐንዲስ በቦታው ተገኝቶ የጎዳናውን ስፋት፣ እስከ ቅርቡ ማቋረጫ ያለውን ርቀት፣ የመብራቱን ሁኔታና የተሽከርካሪዎችን ትክክለኛ ፍጥነት የሚመዘግብበት፣ የመንገዱ አስተዳዳሪም በተወሰነ ቀን ውስጥ በጽሑፍ የሚመልስበት። ይህ የደንብ ማሻሻያ ይጠይቃል፤ ጊዜም ይወስዳል። ከኡራኤል እስከ ባምቢስ፣ ከዚያም በካዛንቺስ አዳዲስ ጎዳናዎች ላይ በሜትርና በሰዓት መያዣ የሚሠራው ልኬት ግን ከደንቡ በፊት ሊጀመር ይችላል፤ ለአንድ የማስተርስ ጥናትም በቂ ሥራ ነው።